ወርዋሪው

በመተማ ቆላ ያደገ ልጅ የጦርነት ጨዋታን የሚማረው ከአሻንጉሊት ጠመንጃ ሳይሆን ከወፍ ጥበቃ ነው። ጥቅምት ሲገባ ከገንዳ ውኃ ወደ ኮኪት በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ያለው ማሽላ ያፈራል፤ ግሪሳም ያን ጊዜ ይመጣል። ግሪሳ አንዱን ለብቻው ሲያዩት ከድንቢጥ አይበልጥም፤ በቀን የሚበላውም 10 ግራም ገደማ ነው። ችግሩ ብቻውን አለመምጣቱ ነው። አንድ ሚሊዮን ሆኖ የወረደ መንጋ በቀን 100 ኩንታል እህል ይዞ ይነሳል፤ የአንድን ገበሬ የዓመት ልፋት በአንድ ረፋድ ጨርሶ ወደ ጎረቤት ማሳ ይሻገራል። ስለዚህ በየማሳው መካከል የሽመል ማማ ይቆማል። እኛ ልጆች ከንጋት ጀምሮ እዚያ ላይ ወጥተን እንጮኻለን፣ ጅራፍ እናጮኻለን፣ በወንጭፍ የጭቃ ድቡልቡል እንወረውራለን።

ወንጭፍ ቀላል መሣሪያ ይመስላል። ከቃጫ የተገመደ ገመድ ነው፤ መካከሉ ሰፋ ተደርጎ ይጎነጎናል፣ አንዱ ጫፍ ጣት ላይ ይጠለቃል፣ ሌላው በአውራ ጣት ተይዞ በትክክለኛዋ ቅጽበት ይለቀቃል። ያቺን ቅጽበት ለማግኘት ግን ክረምትና በጋ ይፈራረቃሉ። ቀድሞ የለቀቀ ድቡልቡሉን ወደ ሰማይ ይሰደዋል፤ የዘገየ ደግሞ የራሱን ማማ ይመታል። ጥሩ ወርዋሪ ወፉን ለመግደል አይወረውርም። ከመንጋው ባሻገር ጥሎ ወፉን ከማሳው ወደ ውጭ ያስነሳዋል። ከመንጋው ወዲህ የጣለ እንደሆነ ወፉን የሚያስነሳው ወደ ማሳው መሐል ነው። ዒላማህ የሚታይህ ሳይሆን ከሚታይህ ነገር ጀርባ ያለው ቦታ መሆኑን ያስተማረን ይኸው ሥራ ነው።

ግሪሳ የሚበላው ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ነው። ቀትር ላይ ወበቁ ሲበረታ ወደ ግራሩ ጥላ ይሸሻል፤ ማታ ደግሞ ወደ ማደሪያው ይሄዳል። የእኛ ጦርነት የሚካሄደው በእነዚህ ሁለት ክፍተቶች ነበር። ጨዋታችን ስም ነበረው፤ ሐበሻና ደርቡሽ። የመተማ ልጅ ሌላ ምን ሊጫወት ይችላል? አፄ ዮሐንስ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በዘኪ ቱማል የሚመራውን የሱዳን የደርቡሽ ጦር የገጠሙት እዚሁ ነው። ደርቡሾቹ በእሾህ አጥር ተከልለው ነበር፤ የንጉሡ ጦር አጥሩን ጥሶ ከገባ በኋላ ድሉ እጁ ላይ ሳለ ንጉሡ ቆሰሉ፣ በማግሥቱም ሞቱ። የድንበሩ ከተማ እስከ ዛሬ መተማ ዮሐንስ ተብላ የምትጠራው በእሳቸው ነው። እኛም ከግራር ቅርንጫፍ አጥር እንሠራለን፤ አንዱ ቡድን ውስጡ ይገባል፣ ሌላው ያጠቃል። ደርቡሽ መሆን የሚፈልግ ስለማይገኝ በዕጣ ነበር የምንለየው። ከእኛ ጋር የሚጫወቱ፣ ዘመዶቻቸው ከድንበሩ ድልድይ ማዶ፣ በሱዳኗ ጋላባት የሚኖሩ ልጆችም ነበሩና ዕጣው ሁላችንንም እኩል አድርጎናል። ዛሬ ሐበሻ የነበረ ነገ ደርቡሽ ይሆናል።

በጨዋታው ውስጥ ብዙው ልጅ ተኳሽ ነው። የሽመል ዘንጉን ትከሻው ላይ አድርጎ «ጧ!» ይላል፤ የተተኮሰበትም «አልመታኸኝም!» ብሎ ይከራከራል። ጭቅጭቁን የሚያበቃው ወርዋሪው ነው። ወርዋሪ በየቡድኑ አንድ ብቻ ነበር፤ እኔም ያ ሰው ነበርሁ። ጥይቴ የአመድ ቦምብ ነው። ጥቁሩን የዋልካ አፈር በውኃ አላቁጠን በእንቁላል መጠን እናድቦለቡለዋለን፣ በአውራ ጣት እንሰረስረዋለን፣ ከምድጃ የተለቀመ የነጠረ አመድ እንሞላበታለን፣ አፉን በስስ ጭቃ ደፍነን ጥላ ሥር እናደርቀዋለን። ፀሐይ ላይ የደረቀ ይሰነጠቃል። በጣም የደረቀ ሰው ይጎዳል፤ ያልደረቀ ደግሞ ወንጭፉ ውስጥ ይፈርሳል። በልኩ የደረቀው መሬት ሲነካ ይፈነዳና አመዱ ክንድ በሚያህል ስፋት ይበተናል። አመድ የነካው ሞቷል። ክርክር የለም፤ ልብሱ ላይ ይታያል።

ወርዋሪ ብቻውን አይሠራም። እሱ ኩይሳ ጀርባ ተደብቆ ነው የሚወረውረው፤ ጠላቱን አያየውም። ስለዚህ ተመልካች አለው፤ ከፍ ያለ ቦታ ሆኖ «አለፈ»፣ «ሳበው»፣ «ወደ ግራር» የሚል። ጥይቱን የሚሸከም ረዳትም አለው። የእኔ ረዳት የአክስቴ ልጅ ነበር። ሁለታችንን አብርሃና ሞገስ ይሉን ነበር፤ ስሙን ያወጣልን የታሪክ አስተማሪያችን ትምህርት ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በገነተ ልዑል ግቢ በፋሽስት ኢጣሊያው ገዥ በግራዚያኒ ላይ የእጅ ቦምብ የወረወሩት ናቸው። ግራዚያኒ በፍንጣሪ ክፉኛ ቆሰለ እንጂ አልሞተም፤ ፋሽስቶች ግን በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የሦስት ቀን ጭፍጨፋ አወጁበት። ሁለቱ ጀግኖች ከከተማ አምልጠው ከአርበኞች ጋር ከቆዩ በኋላ ወደ ሱዳን ለመሻገር ሲጓዙ በመንገድ ላይ ተገደሉ። ሱዳን ለእኛ ከማሳው ወዲያ የሚታይ አገር ነው። ያን ታሪክ የሰማን ቀን በየሜዳው «ወደዚህ እየመጡ ነበር» እየተባባልን ዋልን። ለእነሱ የነበረኝ ፍቅር ያን ጊዜም ልባዊ ነበር፤ ዛሬም እንዲሁ ነው።

በዓለም ታሪክም ወርዋሪ የተለየ ሰው ነበር። በ17ኛው መቶ ዘመን የፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ ቦምብ የሚወረውሩ ወታደሮችን በየክፍለ ጦሩ ሲያደራጅ፣ የሚመረጡት ረጃጅሞቹና ጠንካሮቹ ነበሩ፤ የብረቱን ድቡልቡል አርቆ ለመጣል ክንድ፣ ክሩ እየነደደ ለመጠበቅ ልብ ያስፈልጋልና። በእኛ አገር ደግሞ ጉግስ አለ። ሁለት ጎራ ፈረሰኞች ይሰለፋሉ፣ አንዱ ይሸሻል ሌላው ያሳድዳል፤ አሳዳጁ ዘንግ ይወረውራል፣ ሸሺው ከፈረስ ሳይወርድ ጀርባውን በጋሻ ይከላከላል። ጉግስ የውጊያ ልምምድ ነው፤ ነገር ግን ማንም አይቶ ጦርነት ነው ብሎ አይደነግጥም። ቀኑ በዓል ነው፣ ሜዳው የታወቀ ነው፣ ሕዝቡ ዙሪያውን ከቦ እልል ይላል። የጉግስን ትልቅነት ከዚህ በኋላ ከምነግራችሁ ነገር በፊት በደንብ አላስተዋልሁትም ነበር።

ቅዳሜ ነበር። ግሪሳው ወደ ማደሪያው ከሄደ በኋላ የቀረችውን ብርሃን ተጠቅመን ጦርነት ገጠምን። በዚያ ሰሞን ከጎረቤት እርሻ አንድ ሰው ታግቶ ነበር። በእኛ ቆላ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሰሊጥ በሚታጨድበት ወቅት ብር ይንቀሳቀሳል፣ ብር ባለበት ደግሞ አጋች አይጠፋም። በየእርሻው ካምፕ ያሉት ሳሉጎች፣ ከደጋ ለአጨዳ የመጡት የቀን ሠራተኞች፣ በጊዜ ተሰብስበው ነበር የሚያድሩት። ባለ ክላሾቹም ከወትሮው ነቅተዋል። እኛ ግን ስለ እገታው የሰማነው የለም፤ በልጅ ፊት የሚወራ ነገር አልነበረምና።

ጦርነቱ ተፋፋመ። ከእሾህ አጥሩ ውስጥ «ክበበው! ያዘው! እንዳያመልጥህ!» ይባላል። ጅራፍ ይጮኻል፤ በዚያ ጸጥታ ውስጥ የጅራፍ ጩኸት ከሩቅ ለሚሰማው ከተኩስ አይለይም። እኔ ከኩይሳው ጀርባ ነኝ። ማሽላው መካከል ለወንጭፍ የሚሆን ስፋት ስላልነበረ ቦምቡን በእጄ ይዤ ክንዴን ወደ ኋላ ሰብቄ ተነሣሁ። ያን ጊዜ ከቀኜ በኩል የማሽላው አገዳ ተንኮሻኮሸና «ቁም!» የሚል የአዋቂ ድምፅ መጣ።

ዞር ስል ሦስት ክላሽ ተደግኖብኛል። ፀሐይዋ ከኋላዬ ነበረች፤ ስለዚህ እነሱ የሚያዩት ፊቴን አይደለም። የሚያዩት ክንዱን ሰቅሎ፣ በመዳፉ ድቡልቡል ነገር ጨብጦ የቆመ ጥላ ነው። በእኛ አካባቢ ኤፍ ዋን የሚባለው የእጅ ቦምብ ምን እንደሚመስል የማያውቅ ሰው የለም። እኔም የማውቀው ስለነበረ ነው አስመስዬ የምሠራው።

«አውርደው!» አለ አንዱ። «አታውርደው! እንዳለህ ቁም!» አለ ሌላው። በሁለቱ ትእዛዝ መካከል ክንዴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሦስተኛው የካምፑ ዘበኛ ነበሩ፤ የቀድሞ ወታደር፣ ሽበታም ሰው። እሳቸው ቀስ ብለው አፈሙዛቸውን ወደ መሬት መለሱት።

«ቆዩ፤ ቃታ እንዳትነኩ» አሏቸው። ቀጥለው ወደ እኔ፣ «አንተ ልጅ፣ የማን ልጅ ነህ?»

የአባቴን ስም ጮክ ብዬ ተናገርሁ። ድምፄ የልጅ ድምፅ መሆኑን በዚያች ቅጽበት ነው ሁሉም የሰማው።

«እጅህ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ጭቃ ነው፣ ጋሼ። ውስጡ አመድ ነው።»

«እሺ፣ የኔ ልጅ። ወደ ፊት እንዳትወረውረው። እግርህ ሥር ልቀቀው።»

ለቀቅሁት። ቦምቡ በደንብ የደረቀ ነበር፤ መሬት ሲነካ ፈነዳና አመዱ ቡን አለ። ከባለ ክላሾቹ አንዱ በደረቱ መሬት ላይ ወደቀ። ጣቱ ቃታው ላይ ነበር፤ አልሳበውም። ያልሳበበትን ምክንያት እግዚአብሔር ያውቃል። አመዱ ተበትኖ ሲያልቅ ሽማግሌው እንደቆሙ ነበሩ፤ ማሽላው ውስጥ የነበሩት ጓደኞቼም አንድ በአንድ እጃቸውን ወደ ላይ አድርገው ወጡ።

የወደቀው ሰው ከእብናት ለአጨዳ የመጣ ሳሉግ ነበር። ተነሥቶ አጠገቤ ተቀመጠና ከጀሪካን ውኃ ቀድቶ ሰጠኝ፤ የእሱም እጅ ከእኔ እጅ እኩል ይንቀጠቀጥ ነበር። «በአንተ ዕድሜ ያለ ልጅ አለኝ» አለኝ። ሌላ አልተናገረም። እኔ ያን ምሽት የተረፍሁ እኔ ብቻ እንደሆንሁ አስብ ነበር። ያ ሰውም መትረፉን፣ ልጅ ገድሎ ወደ አገሩ ከመመለስ መትረፉን፣ የተረዳሁት አድጌ ነው።

ሽማግሌው በማግሥቱ ወደ ቤታችን መጡ። አባቴ ጨዋታውን ሊከለክለን ቆርጦ ነበር። እሳቸው ግን፣ «አይከልክሏቸው፤ ተደብቀው ይጫወታሉ፣ እሱ ይብሳል» አሉት። ከዚያ ሕግ አወጡልን። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ እንጂ ከዚያ በኋላ ጦርነት የለም። ጦርነት ባለበት ቀን ማማው ላይ ነጭ ጨርቅ ይሰቀላል፤ አንድ ልጅ ደግሞ አስቀድሞ ወደ ካምፑ ሄዶ «ዛሬ እንጫወታለን» ብሎ ይናገራል። ወደ መንገድ አቅጣጫ አይወረወርም። ወርዋሪውም ከመነሣቱ በፊት ተመልካቹ «ሰው የለም» እስኪል ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ ሳሉጎቹ ራሳቸው እሑድ እሑድ መጥተው ያዩን ጀመር። ሲያጨበጭቡልን ጨዋታው ለመጀመሪያ ጊዜ ጉግስን መሰለ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ያው የአክስቴ ልጅ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ይኖር ነበርና ልጠይቀው ስሄድ ወደ ኤርሶፍት ሜዳ ወሰደኝ። ኤርሶፍት ጃፓኖች በ1970ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የጀመሩት ጨዋታ ነው፤ እውነተኛ የሚመስል ጠመንጃ 6 ሚሊሜትር የፕላስቲክ ጥይት ይተፋል። እዚያም ወርዋሪ አለ። ከጠመንጃው በታች በሚገጠም አፈሙዘ ሰፊ ቱቦ፣ በጋዝ የተሞላ 40 ሚሊሜትር ቀለህ ይጎርሳል፤ ሲተኮስ በአንድ ጊዜ ብዙ የፕላስቲክ ጥይት ይበትናል። ሩቅ አይሄድም፤ በር ላይ፣ ማዕዘን ላይ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ የተሸሸጉትን ለማስወጣት ነው። የአክስቴ ልጅ ቱቦውን ለእኔ ሰጥቶ ቀለሁን ራሱ ተሸከመ። አብርሃና ሞገስ እንደገና ተሰለፉ።

የቀለሁ ብዛት የተወሰነ ስለሆነ ወርዋሪው ዝም ብሎ አይተኩስም፤ ጓዶቹ እስኪጠሩት ይጠብቃል። ጥይቱ እንደ አመድ ምልክት ስለማይተው የተመታ ሰው ራሱ «ተመትቻለሁ» ብሎ እጁን ያነሣል። ክብሩ የሚለካው በዚህ ነው። እኔን ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ግን ከጨዋታው በፊት የነበረው ሥርዓት ነው። የዓይን መከላከያ ያላደረገ ሜዳው ውስጥ አይገባም። የተመታ ሰው ቀይ ጨርቅ ራሱ ላይ አድርጎ ይወጣል። ከሜዳው ውጭ ጠመንጃ በቦርሳው ውስጥ እንጂ በእጅ አይያዝም። አስተባባሪው ይህን ሲዘረዝር የካምፑን ሽማግሌ ድምፅ የምሰማ መሰለኝ።

ሥርዓቱ ለምን እንዲህ እንደጠበቀ የነገረኝ የአክስቴ ልጅ ነው። በአሜሪካ የአሻንጉሊትና የአምሳያ ጠመንጃ አፈሙዝ ጫፍ ደማቅ ብርቱካንማ እንዲሆን ሕግ ያዛል። በኅዳር 2007 ዓ.ም. በኦሃዮዋ ክሊቭላንድ ከተማ ታሚር ራይስ የተባለ የ12 ዓመት ጥቁር ልጅ በመናፈሻ ውስጥ የኤርሶፍት ሽጉጥ ይዞ ይጫወት ነበር፤ ብርቱካንማው ጫፍ ተነቅሏል። ያየው ሰው ለፖሊስ ደውሎ ሽጉጡ ምናልባት የውሸት ሊሆን እንደሚችል፣ የያዘውም ልጅ ሊሆን እንደሚችል ተናግሮ ነበር። ያ ቃል ለተላኩት ፖሊሶች አልደረሰም። መኪናቸው እንደቆመ በሁለት ሴኮንድ ገደማ ውስጥ አንደኛው ተኮሰበት፤ ልጁ በማግሥቱ ሞተ። ይህን ስሰማ ያ ክንዴ እንደገና ተንቀጠቀጠ። በእኔና በእሱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰው ነው፤ «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ የጠየቀ ሰው።

የቆላችን ምድር ምልክት ማጣት ምን እንደሚያስከፍል ቀድሞም ያውቃል። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በኋላ ፊልድ ማርሻል የሆነው ዊሊያም ስሊም የሚመራው የህንድ ብርጌድ በጣሊያኖች ተይዞ የነበረውን ጋላባት አጥቅቶ ያዘ፤ ወደ መተማ መዝለቅ ግን አቃተው፣ ከያዘውም ቦታ አፈገፈገ። ጣሊያኖች በጥር መጨረሻ መተማን ለቀው ወደ ጎንደር ሲሸሹ መንገዱን በፈንጂ ቀበሩት። ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት የተባለ ወጣት የህንድ መሐንዲስ መኮንን በመሪው ተሽከርካሪ ተቀምጦ አራት ቀን 55 ማይል ተጓዘ፤ 15 የፈንጂ ቀጠናዎች አስጸዳ። ሁለት ጊዜ የተሳፈረበት ተሽከርካሪ ፈንጂ ላይ ወጥቶበታል። ለዚህም የብሪታንያን ከፍተኛ ጀብድ ሜዳይ፣ ቪክቶሪያ ክሮስን ተሸለመ። ብዙ ሰው ጀግና የሚለው የጣለውን ነው። እኔ ከዚህ መኮንን የምወደው ከኋላው የሚመጣው ሰው እንዳይረግጠው ፈንጂውን እየፈለገ ማስወገዱን ነው። ከዚያ ሽማግሌ ጋር አንድ ሙያ አላቸው።

ዛሬ ያ ቆላ ከእኛ ጊዜ የባሰ ተኩስ ይሰማል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ብዙ ሺህ ሰው በመተማ በኩል ተሻገረ፤ ኩመርና አውላላ ላይ የስደተኛ መጠለያ ተቋቋመ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ የእኛው ክልል ግጭት ተከተለ። በዚህ መካከል ያሉ ልጆች፣ የእኛም የሱዳኖቹም፣ ጦርነት ይጫወታሉ። ልጅ ያየውን ይጫወታል፤ የሚያስፈራውን ነገር በጭቃ ሠርቶ በእጁ ይዞ ማየት ይፈልጋል። ይህን መከልከል አይቻልም፤ መከልከልም የለበትም ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን የጦርነት ጨዋታ ጨዋታ የሚሆነው የሚጫወቱት ስላወቁት ብቻ አይደለም፤ አልፎ የሚሄደው ሰው፣ የሚፈራው ሰው፣ መሣሪያ የያዘው ሰውም ማወቅ አለበት። ያን ማሳወቅ የልጅ ሥራ አይደለም፤ የእኛ የአዋቂዎቹ ነው።

ስለዚህ በምዕራብ ጎንደር ላላችሁ ወላጆችና መምህራን የምለው ይህ ነው። ልጆቻችሁ በማሽላ ውስጥ ተደብቀው ሳይሆን በትምህርት ቤት ሜዳ፣ በቀን ብርሃን፣ ሰው እያያቸው ይጫወቱ። ከመሬት ያገኙትን ብረት እንዳያነሡ ደጋግማችሁ ንገሯቸው። በጎንደር ወይም በአዲስ አበባ ኤርሶፍት መጀመር የሚያምረው ወጣት ካለም ጠመንጃውን ከማስመጣቱ በፊት ሕጉን ይጠይቅ፣ ሜዳውን ያሳጥር፣ ጎረቤቱን ዞሮ ያስታውቅ፣ በአቅራቢያው ያለውን የፖሊስ ጣቢያ ሰዓቱንና ቦታውን ያሳውቅ። ወርዋሪነት ለሚመኝ ደግሞ ምክሬ ጥሩ ተመልካች እንዲፈልግ ነው። ከግድግዳው ጀርባ ማን እንዳለ እስኪነግረው ድረስ ክንዱን አያንሣ። ሽማግሌው ከሁሉም ሕጋቸው በላይ ያጠበቁብኝ ይህን ነበር፤ ቨርጂኒያ ላይም የአክስቴ ልጅ «ሰው የለም» እስኪለኝ ቱቦውን አልተኮስሁም።